የሐዋ በር አረንጓዴ ነበር

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ። ከጥላው ሥር ቦታ አለ፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን ዘርጉ፣ እዚህ የሚታዘባችሁ የለም። ጆሮዬ ደከም ብሏልና ስትስቁ ጮክ ብላችሁ ሳቁ፣ እኔም ልስማችሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለዚሁ ስለምትኖሩበት ብሎክ ነው። በኩራት ነው የማወራው። ሽማግሌው ኩራት አበዛ ካላችሁም ታገሡኝ፤ በኔ ዕድሜ ሰው የሚኮራበት ነገር ካገኘ አይሰስትም።

ነገሩ የሆነው ትልቁ ሳል ካለፈ በኋላ ነው። እናንተ ሳሉን የምታውቁት ከትምህርት ቤት ነው። እኛ ያየነው በዓይናችን ነው። ሰው ሐኪም ቤት ደጅ ተሰልፎ፣ እዚያው ሰልፉ ላይ አንዱ ካንዱ እየተጋባበት የሞተበት ዘመን ነበር። ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ባንድ ድምፅ ተናገረ፤ ከእንግዲህ ታሞ የሚሰለፍ ሰው አይኖርም፣ ሐኪሙ ራሱ ወደ ቤት ይግባ ተባለ። ማለዳ የመጣችው እንዲህ ሆኖ ነው።

ማለዳ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ግድግዳ ላይ ነበረች፣ መዳፍ የምታህል ተናጋሪ መሣሪያ። ጠዋት ትነቃና «እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?» ትላለች። ደህና ነኝ ያላት ሰው ከበሩ በላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ይሆንለታል፤ «ደህና ነዎት፣ መልካም ቀን» ትለዋለች፣ እሱም ወደ ሥራው ይሄዳል። ሕመሙን የነገራት መብራቱ ቢጫ ይሆንና መድኃኒቱ በመስኮት ይመጣለታል። ነገሩ ከበድ ካለ መብራቱ ቀይ ይሆናል፣ መኪናዋ ትመጣለች። በኮምቦልቻ ከተማ ሰልፍ የሚባል ነገር ቀረ። ሕሙማን ይጠብቁባቸው የነበሩት አግዳሚ ወንበሮች ተነቅለው ወደ ባቡር ጣቢያው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ ሊሰጡን ያሰቡት አምባር ነበር፤ እጅ ላይ ታስሮ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ ላቡን የሚለካ። ሕዝቡ እምቢ አለ። በሳሉ ጊዜ በር ተዘግቶበት የከረመ ሰው ሌላ የሚታሰር ነገር ማየት አልፈለገም። ሰው ነን፣ ቃላችንን እመኑን አልን፤ ሕግ ሆነ። ማለዳ የማንንም ገላ አትለካም፣ ድምፁንም አትመረምርም፣ አፉ የነገራትን ብቻ ትቀበላለች። እኔ በዚያ ሕግ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ታዲያ ቃላችን ይታመን ስንል፣ ጤናህ እንዴት ነው ለተባለ ሰው ከአፉ የሚወጣው ቃል ምን እንደሆነ ያሰበበት አልነበረም።

ሰው ማለዳን የተቀበላት እንደየጠባዩ ነው። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ትብለጥ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ነጠላዋን ሳታጣፋ አታናግራትም ነበር። እንግዳ በሌሊት ልብስ አይቀበሉም ትላለች። ዳቦ ጋጋሪው ኑርዬ ደግሞ ጆሮ ጠቢ ናት ብሎ በፎጣ ሸፈናት። ከፎጣው ሥር ሆና ስትጠይቀው ካንቺ እሻላለሁ ይላትና በሩን ዘግቶ ይወጣል። ወጣቶቹ ግን ወደዷት። አንድ ቀን አንዱ ጎረምሳ ደረጃው ላይ ሲያስል ሰምቼ አመመህ እንዴ ብለው፣ በጣቱ ወደ በሩ መብራት አሳየኝ። አረንጓዴ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?

እናላችሁ ቀስ በቀስ ሰው ሰውን መጠየቅ ተወ። ከክፋት አይደለም። መልሱ በሩ ላይ እየበራ ለምን ታንኳኳለህ? ደረጃውን ስንወርድ ቀና ብለን መብራቶቹን እናያለን፣ ሁሉም ደህና ነው እንላለን፣ እናልፋለን። የእድራችን ዳኛ ድሮ በየስብሰባው ማን ታመመ፣ ማን ተኛ እያለ ይጠይቅ የነበረው፣ ግቢው መሃል ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ መብራት ማየት ብቻ ሆነ ሥራው። በሩ የሚንኳኳበት ሰው ደንገጥ ብሎ ነው የሚከፍተው። ብሎካችን ግን ከከተማው ጤናማው ብሎክ ተባለ። ዋንጫም ሰጡን። ከመግቢያው አጠገብ፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆልፈን አስቀመጥነው።

ሐዋ ጎረቤቴ ነበረች፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የባቡር ጣቢያው ድምፅ እሷ ነበረች። «ወደ ሐራ ገበያ የምትሄዱ መንገደኞች» ስትል ቦርከና ዳር ልብስ የሚያጥበው ሰው ሁሉ ይሰማታል። እኔ ጣቢያው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ የማጥብ ሰው ስለነበርሁ መልኳን ሳላይ ድምፅዋን አወቅሁት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምሰማው የሰው ድምፅ የሐዋ ነው፣ በግድግዳው በኩል። ማለዳ ትጠይቃታለች፣ እሷም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ትላታለች። ማለዳ ግን ደህና ነዎት፣ መልካም ቀን ብላት ትዘጋለች።

አንድ ጠዋት አልሐምዱሊላህ ተቆራርጦ መጣ። አል ብላ ቆመች፤ ሐምዱ ብላ ትንፋሽ ፈለገች፤ ሊላህ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አለቀ። ብድግ ብዬ ወጣሁና የበሯን መብራት አየሁ። አረንጓዴ ነበር።

አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ ምን ሆንክ አለችኝ፤ የታመምኩት እኔ መስያት። ደህና አደርሽ ወይ አልኋት፣ ደህና አለች። ሎጊያ ያለው ልጅሽስ? ደህና። ባቲ ያለችው እህትሽስ? ደህና። ጉልበትሽስ? ደህና። ከብት የላትም እንጂ ከብቶቹስ ብላት ደህና ናቸው ትለኝ ነበር። እኛ ስንጠያየቅ እንዲህ ነው ልጆቼ። የመጀመሪያው መልስ ለፈጣሪ ነው፤ ሁለተኛው ለይሉኝታ ነው። ለጠያቂው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። እኔም አልሄድሁም። በሩን ይዤ ቆምሁና እንቅልፍሽስ አልኋት።

ወደ ኮሪደሩ ግራ ቀኝ አየችና ዝቅ ብላ፣ «ተቀምጬ ነው የማድረው። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ለማንም እንዳትነግር» አለችኝ።

እግሯን አየሁት። አብጦ ከጫማዋ ተርፏል።

የሰፈራችን የጤና መኮንን ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች፣ እግሯ ፈጣን፣ አንደበቷም ፈጣን። ደወልሁላት። ከከተማው ማዶ ሌላ ቀይ በር ላይ ነበረች። የእትዬ ሐዋ በር ምን ይላል አለችኝ። አረንጓዴ ነው አልኋት። መኪናዋ አረንጓዴ በር ላይ እንደማትሄድ፣ እሷ ብታዝዛትም ጎማዋ እንደማይዞር ነገረችኝ። ባጃጅ ጠርቼ ላምጣትስ ብላት፣ አረንጓዴ ለሆነ ሰው የሐኪም ቤቱ በር አይከፈትም አለች። ይሄ ከሳሉ ጊዜ የቀረ ሕግ ነው፤ ጤነኛ ከሕመምተኛ እንዳይቀላቀል። ስለዚህ ሐዋ በገዛ አፏ ለማለዳ ትንገራት፣ አሁኑኑ ትንገራት፣ የሚነግሩኝ ነገር አላማረኝም አለችና ዘጋችው።

ሐዋን ደግፌ ማለዳ ፊት አቆምኋት። ጣቷን ስታስነካት ማለዳ ነቃች።

«እንደምን አደሩ? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች ሐዋ። ከዚያ ዞራ አየችኝና በእጇ አፏን ያዘች። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

እንደገና ሞከርን። በዚህኛው «ትንሽ» ብላ ጀመረች፤ «ደረቴን» ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ትንሽ ብርድ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ብላ ጨረሰችው። ማለዳም ሙቅ ነገር ይጠጡ፣ ደህና ነዎት፣ መልካም ቀን አለቻት። ሦስተኛውን አልሞክርም አለች። ግድግዳውን ይዛ፣ በየመሃሉ እያረፈች፣ «ተወኝ ይመር። ሰላም ካለችኝ አፍታ ሳይሞላ ሕመሜን ልዘረግፍባት? ስሟን እንጂ አገሯን አላውቅ። እናቴ በሞተችበት ቀን እንኳ ለጠየቃት ሁሉ ደህና ነኝ ስትል ነው የዋለችው። እኔ ለግድግዳ አማርሬ ፈጣሪዬን ላሳዝን?» አለችኝ።

ከኋላዋ ሆኜ ታማለች፣ እግሯ አብጧል ብዬ ተናገርሁ። ማለዳ በትሕትና ነው የመለሰችልኝ።

«ይቅርታ። ስለ ራስዎ ብቻ ይንገሩኝ።»

ሐዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሯል። እኔም ቆሜ አየኋትና ይህች ሴት ዛሬ በጨዋነቷ ልትሞትብኝ ነው አልሁ። ሰው በጥይት ሲሞት አይቻለሁ፣ በሳል ሲሞት አይቻለሁ፤ በጨዋነት የሚሞት ሰው ግን ማየት አልፈለግሁም።

ወደ ቤቴ ገባሁ። የሷንም የኔንም በር ወለል አድርጌ ተውሁና የራሴን ማለዳ ነካኋት። ጠየቀችኝ። የኔም አፍ ተመስገን ሊል ተንደርድሮ ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ያዝሁት።

«ደረቴን ይዞኛል» አልኋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አንገቴን በበሩ አውጥቼ ተጣራሁ። «ሐዋ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአረፋ ማግስት» አለች ሐዋ ከወንበሯ።

«ከአረፋ ማግስት» አልኋት ለማለዳ።

«ሲተኙ ይብስብዎታል?»

«ሐዋ፣ ስንተኛ ይብስብናል?»

«ትራስ ስደራርብ ትንሽ ቀለል ይለኛል በላት።»

አያችሁ፣ ስለ ራሷ አንዲት ቃል ያልወጣት ሴት፣ ነገሩ የኔ ተደርጎ ሲነገር ሕመሟ እንደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። እግር ያብጣል ወይ ስትል አዎ፣ ደረጃ ያደክማል ወይ ስትል አዎ። እንዲያውም እኔ ያላነሳሁትን ሳሏን፣ የጠፋ የምግብ ፍላጎቷን ጨመረችልኝ። በመጨረሻ ማለዳ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ሐዋ የደም ግፊት ክኒን እንደነበራት፣ እንደተወችው ተናገረች። ለምን ተውሽው ብዬ ብጮህባት ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ጠዋት ደህና ነዎት እያለችኝ ለምን እውጣለሁ?» አለችኝ።

ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። የገዛ ቃሏን መልሳ ከግድግዳው እንደ ሐኪም ቃል ሰማችው፣ አመነችው።

የኔ በር መብራት ቢጫ ሆነ፣ ወዲያው ቀይ ሆነ። በብሎካችን ዋንጫው ከገባ ወዲህ ቀይ የበራበት ቀን አልነበረም። በሮች ተከፈቱ። ትብለጥ ነጠላዋን ሳታጣፋ ወጣች። ኑርዬ እጁን በዱቄት እንደነከረ ሮጦ መጣና የቀላውን በር ቀና ብሎ አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ቆመህ ነው የምትሞተው?» አለኝ። ሳልመልስለት በእጄ ወደ ሐዋ ቤት አሳየሁት። ከነወንበሯ አንስተን ወደ ግቢው አወረድናት፤ እሷ መንገድ ላይ ላገኘችው ሁሉ ምንም አልሆንሁም ትላለች።

ትርሲት ከመኪናዋ ዘላ ወረደች። ቀይ በር የተባለው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዘራዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ለማለዳ ሐሰት መናገር ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ በቀስታ።

«የነገርኋት ሕመም እውነት ነው ልጄ» አልኋት፤ «ደረቱ ብቻ የጎረቤት ነው።»

ትርሲት ሐዋ አጠገብ በርከክ ብላ እትዬ ሐዋ ጤናዎ እንዴት ነው አለቻት። ሐዋ በሦስት ትንፋሽ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለቻት። ማንም አልሳቀም። ትርሲት የሐዋን እግር በጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ ሲነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። «እናቴ ወረባቦ ነው ያለችው» አለች ለማንም ሳይሆን። «እኔም በስልክ ነው የምጠይቃት። ደህና ነኝ ነው የምትለኝ።» ከዚያ አንሡ አለችን።

ሐዋ ሐኪም ቤት የገባችው በኔ ስም ነው። ሌላ መንገድ አልነበረም። እዚያ በተኛችበት ጊዜ ሁሉ የሐኪም ቤቱ ማሽን ጋሽ ይመር እያለ ነው የሚጠራት፤ እሷም አቤት ትላለች። ልቧ ደክሞ ሳንባዋ ውሃ ይዞ ነበር። አንድ አረንጓዴ ጠዋት ቢጨመርበት ኖሮ አናገኛትም ነበር ብሎ ሐኪሙ ለትርሲት ነገራት።

ሐዋ እዚያ እያለች ትርሲት ወደ ብሎኩ በእግሯ ተመለሰች። ከታች ጀምራ በር ታንኳኳለች። ስለ በሩ ባለቤት አትጠይቅም፤ ጎረቤትህ እንዴት ነው፣ ጎረቤትሽ እንዴት ናት ትላለች። ልጆቼ፣ ጉድ ነው የፈላው። ትብለጥ ስለ ኑርዬ ስትናገር ሳሉ ሲነሳበት ምድጃውን ተደግፎ እንደሚቆምና ደረቱን እንደሚያሽ ነገረቻት። ኑርዬ ደግሞ ስለ ትብለጥ፣ ዓይኗ ከደከመ እንደቆየ፣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች እንደምትወርድ፣ እኔ ዳኛው መስያት ስለ እድር እንዳወራችኝ ተናገረ። ሁሉም ሁሉን ያውቅ ነበር። ሲያይ ነበር፣ በግድግዳ ሲሰማ ነበር። መብራቱ ደህና ስላለ ብቻ ነው አፉን የያዘው። ሕመሙ በጎረቤቱ አፍ የወጣበት ሁሉ ከዚያ ወዲያ ለማለዳ አመነ፤ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የብሎካችን በሮች ግማሹ ቢጫ ሆኑ። ዋንጫውን መልሱ ከመባላችን በፊት ኑርዬ ሣጥኑን ከፍቶ ወሰደው፤ እርሾ ያኖርበት ጀመር።

ከዚያ የከተማው አስተዳደር ሰዎች መጡ። ሐሰት ስለተናገርሁ የኔ በር መብራት ይጥፋ አይጥፋ ሊነጋገሩ ነው። የበሩ መብራት የጠፋበት ሰው ያን ጊዜ ባቡር አይሳፈርም፣ ገበያም አይገባም። ጥፋትህን ታምናለህ ወይ አሉኝ። የሆነውን ነገርኋቸው፤ ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ አልሁ። ግቢው ውስጥ ክርክሩ ተነሣ። ወጣቶቹ ድሮም አምባሩን ብናስር ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር አሉ። ኑርዬ ማለዳ ከነጭራሹ ከግድግዳው ትነቀል አለ። የመጡት ሰዎች ወደ አምባሩ ሲያዘነብሉ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ሐዋ ከሐኪም ቤት ወጥታ ነበር። ልጇ ከሎጊያ መጥቶ ወንበር ላይ አስቀምጧታል፣ ጋቢ ደርቦላታል። እጇን አነሣች። ድምፅዋ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ግን ግቢው በሙሉ ሰማት።

«አምባር አይታሰርብንም፣ እሷም አትነቀልም» አለች። «እኔ ስለ ራሴ መናገር አልችልም። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ አሁን አልለወጥም። ስለ ይመር ጠይቁኝ፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ እነግራችኋለሁ። ስለኔ እሱን ጠይቁት። ማን እንደሚናገርልኝ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ መንገደኛ ሁሉ ስለኔ አያወራም።»

ከመጡት ሰዎች አንዱ ጎረቤትዎ ቢዋሽብዎትስ አላት።

«ዋሸልኝ እንጂ» አለች ሐዋ። «ስለዋሸልኝ ነው እዚህ የተቀመጥሁት።»

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እየተነሣ የሚናገርለትን ሰው መረጠ። ኑርዬ ትብለጥን መረጠ። ትብለጥ ኑርዬን መረጠች፤ ያውም እርስ በርስ ያልተጣሉበት ሳምንት የለም። ሐዋ እኔን፣ እኔ ሐዋን። የኔም በር መብራት ሳይጠፋ ቀረ። ትርሲት ይህን ይዛ ከአለቆቿ ጋር ስንት ቀን እንደተሟገተች እሷ ታውቃለች። በመጨረሻ ማለዳ አንድ ጠዋት ነቅታ እንደምን አደሩ ካለችኝ በኋላ፣ «እትዬ ሐዋስ እንዴት አደሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እስቲ ቆይ፣ ልይና ልንገርሽ አልኋትና ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

ከዚያ ሌላው ብሎክ ተከተለ፤ ሌላው ከተማ ተከተለ። ዛሬ እናንተ ስትወለዱ ጀምሮ የነበረ ነገር ይመስላችኋል። አይደለም። እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ደህና ነኝ ማለት ብቻ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው የተወለደው። ጥንቱን እምቢ ያልነውን አምባር እምቢ እንዳልን ቀረን፣ ቃላችንም እንደታመነ ቀረ። ለዚህ ነው ይሄን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ቢያመኝም ደረቴን ነፍቼ የምወጣው።

ሐዋ አለች፣ ዕድሜ ይስጣት። ጨው ደብቄ እንደምበላ ትናንት ለማለዳ ነግራብኛለች። እኔም ክኒኗን ትራስ ሥር እንደምትረሳ ነግሬባታለሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው።

እንግዲህ ደክሞኛል፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። አንዲት ነገር ብቻ ያዙልኝ። ሰው ስትጠይቁት ደህና ነኝ ሲላችሁ ተመስገን ብላችሁ ቶሎ አትሂዱ። ትንሽ ቁሙ። በሩን ይዛችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁት። እኛ ካለፍን በኋላም ይህችን አስታውሱልን፣ ልጆቼ።